«ዎክ ሆነሻል» ተባልኩ፤ ተመሰገንኩ ወይስ ተሰደብኩ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከመንደራ ቆጪ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስሜ እንዳይወጣ እለምንዎታለሁ።

ባለፈው በዓል ዘመድ አዝማድ እኛ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ የአክስቴን ሥራ አነሳሁ። አክስቴ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ትለቅማለች። እዚያ ለሴቶቹ የሚሆን መጸዳጃ ቤት የለም። ማታ ወገቧን ይዛ ነው የምትገባው። «ይሄ እኮ ልክ አይደለም፤ ቢያንስ መቀመጫና መጸዳጃ ሊኖራቸው ይገባል» አልኩ። የአጎቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ «አንቺ ደግሞ ዎክ ሆነሻል» አለኝ። እኩዮቼ ሳቁ። አባቴ ነገሩ ስላልገባው «ወክ ማለት በእግር መንሸራሸር አይደል እንዴ? ምኑ ያስቃል?» ብሎ ጠየቀ። ይባስ ብለው ሳቁ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ቃሉን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩት። አንዱ «ለፍትሕ የነቃ ሰው» ይላል። ሌላው ሰው የሚዋረድበት ስድብ ያደርገዋል። አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? እኔስ የተባልኩት የቱን ነው?

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ቃሉን አየሁ። በሦስተኛው ግን ዓይኔ አክስትሽ ላይ ቀረ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የአጎትሽ ልጅ ሊነካሽ ብሎ ነው ያለው፤ ይህን አልደብቅሽም። ቃሉ ግን ስድብ ሆኖ አልተወለደም። እንዲያውም ሰውን ከሞት ለማዳን የተነገረ ቃል ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግርሻለሁ።

ዎክ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ጥቁሮች በራሳቸው አነጋገር «ነቅቷል፣ አላንቀላፋም» ለማለት የሚጠቀሙበት ነው። እንደ እኔ ያለ የሰዋስው አስተማሪ ቢያገኘው በቀይ እስክሪብቶ ያርመው ነበር። እነሱ ግን ቃሉን ከቤት፣ ከእርሻና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ያመጡት።

«ንቁ» የሚለው ጥሪ ከእኛም ስም ጋር ይገናኛል። ለጥቁር ሕዝብ መብት የታገለው የጃማይካው ተወላጅ ማርከስ ጋርቬይ በ1923 በታተመው የሐሳቦቹ ስብስብ ውስጥ «ኢትዮጵያ ንቂ! አፍሪካ ንቂ!» ይላል። ኢትዮጵያ ሲል የእኛን አገር ብቻ ማለቱ አልነበረም። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ ነበረች። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኛ ሳንሰማ በእኛ ስም የተጠራ ሕዝብ ነበር።

ከዚያ አላባማ ላይ የሆነውን ስሚ። በ1931 ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ከዕቃ ባቡር ላይ ተያዙ። ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተባሉ። ክሱ ሐሰት ነበር። ፍርድ ሊሰጡ የተቀመጡት ሰዎች በሙሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ልጆቹ በተያዙ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ነገሩ ዓለም ሁሉ የሚጮህበት ጉዳይ ሆኖ፣ ይግባኝ በይግባኝ ተከታትሎ አንዳቸውም አልተገደሉም። የወጣትነት ዕድሜያቸውን ግን እስር ቤት በላው። ሌድ ቤሊ የተባለው ዘፋኝ በ1938 ስለ እነዚህ ልጆች የዘፈነው ሲቀረጽ፣ መጨረሻ ላይ በንግግር ምክር ጣል ያደርጋል። በዚያ በኩል የምታልፉ ተጠንቀቁ፣ ዎክ ሁኑ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ ይላል።

ልብ በይ፤ ይህ የሰልፍ መፈክር አይደለም። እናት ልጇን ሲመሽ ስትልክ «ግራ ቀኝህን እያየህ ሂድ» እንደምትለው ያለ ነገር ነው። የሚናገረው ሰው የሚወደውን ሰው ነው የሚመክረው። ቃሉ ሲጀምር እንዲህ ነበር።

በ1962 ዊልያም ሜልቪን ኬሊ የተባለ ጥቁር ደራሲ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ዎክ የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ አለ። ደራሲው የታዘበው ይህን ነው፦ ጥቁሮች ቃል ይፈጥራሉ፣ ነጮች ይወስዱታል፣ ሲወስዱት ትርጉሙ ይለወጣል፣ ያኔ ባለቤቶቹ ትተውት ሌላ ይፈልጋሉ። ከ60 ዓመት በኋላ ርዕሱ ላይ ባስቀመጠው ቃል ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ቃሉ ረጅም ጊዜ በመንደሩ ኖረ። በ2008 ኤሪካ ባዱ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ በዘፈን መለሰችው። በ2014 ነሐሴ ሚዙሪ ግዛት፣ ፈርጉሰን በተባለች ከተማ ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ አደባባይ የወጡት ወጣቶች «ዎክ ሁኑ» ተባባሉ። ቃሉ በስልክ ዓለምን ዞረ። በ2017 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አስገባው።

መገልበጥ የጀመረውም በዚሁ ሰሞን ነው። ይህንን ክፍል ብዙ ሰው በአንድ ወገን ብቻ ይተርከዋል። እኔ ሁለት እጅ አይበታለሁ።

አንደኛው እጅ የራሳቸው የወዳጆቹ ነው። ቃሉ ቲሸርት ላይ ታተመ። ነጋዴ ዕቃ መሸጫ አደረገው። አንዳንዱም ሌላውን መለኪያ አደረገው፤ አንተ ነቅተሃል፣ አንቺ አልነቃሽም እያለ። መጠንቀቂያ የነበረው ቃል ማዕረግ ሆነ። በ2019 ጥቅምት ባራክ ኦባማ ቺካጎ ላይ ለወጣቶች ሲናገሩ ይህንኑ ነቅፈዋል። ፍጹም ንጹሕ ነኝ፣ ሁልጊዜ ዎክ ነኝ የሚለውን ስሜት ቶሎ ተዉት ብለዋል። ዓለም የተዘበራረቀች ናት፣ ጥሩ ሰዎችም ጉድለት አላቸው ነው ያሉት።

ሁለተኛው እጅ የተቃዋሚዎቹ ነው። እነሱ ቃሉን አንስተው የማይወዱትን ሁሉ ከተቱበት። የትምህርት ቤት ታሪክ አስተማሪውን፣ የመሥሪያ ቤት ሥልጠናውን፣ ፊልሙን፣ ባንኩን፣ ወታደሩን። በ2022 የፍሎሪዳ ገዥ ሮን ዲሳንቲስ ስለ ዘር በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ የሚሰጠውን ትምህርት የሚገድብ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የሚታወቀው «ዎክን አቁሙ» በሚል ስም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የገዥው የሕግ አማካሪ በአንድ ክስ ፍርድ ቤት ቀርበው «ዎክ ማለት ምን ማለት ነው?» ተባሉ። የመለሱት ይህን ነው፦ በአሜሪካ ኅብረተሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ በደል አለ፣ ያንንም ማስተካከል ያስፈልጋል ብሎ ማመን ማለት ነው።

እስቲ ቆም ብለሽ አስቢው። ቃሉን ስድብ ያደረገው ወገን እንኳ ተጠይቆ ሲፈታው የተናገረው ከድሮው ትርጉም ብዙ አልራቀም። ሕዝቡም ገና አልወሰነም። በ2023 መጋቢት ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣና ኢፕሶስ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት አሜሪካውያንን ሲጠይቁ 56 ከመቶው ዎክ ማለት ስለ ማኅበራዊ በደል ማወቅና መንቃት ነው አሉ። 39 ከመቶው ደግሞ የሰውን አነጋገር እየተከታተሉ መቆጣጠር ነው አሉ። ስለዚህ አንድ ቃል ሁለቱንም እንዴት ይሆናል ላልሽው፣ እዚያው በተወለደበት አገር እስካሁን እየተጎተተ ነው ያለው።

እኛም ዘንድ እንዲህ የሆኑ ቃላት ሞልተዋል። «ዘመናይ» የሚለውን እይ። ዘመኑን የሚያውቅ ማለት ነበር። በልጅነቴ ጅማ ውስጥ አንዲት ሴት «ዘመናይ ሆንሽ» ከተባለች ግን ተሰድባለች። «አዋቂ» ዕውቀት ያለው ሰው ነው። «አዋቂ ቤት ሄደ» ሲባል ግን ጠንቋይ ቤት ሄደ ማለት ነው። ፍልስፍናም «አትፈላሰፍብን» ሲባል ተዋረደ። ዕውቀትን የሚያመለክት ቃል በእኛ አገር ለብዙ ጊዜ ክብሩን ይዞ አይቆይም። ሰው የሚያውቅበትን ሰው ይፈራል መሰለኝ።

ከሁሉም በላይ ግን «ንቃት» የሚለው ቃል የእኔ ቁስል ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት፤ ታገሺኝ።

በ1967 የእኛ ዘመን አቆጣጠር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተዘግቶ ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣን። ፊደል ልናስቆጥር፣ ጉድጓድ ልንቆፍር፣ የመሬቱን አዋጅ ልናስረዳ። ገበሬውን «ማንቃት» ይባል ነበር። ትልቁ መፈክር «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ» ሆነ። ሰው የሚመዘነው በንቃቱ ነበር። የነቃ አለ፣ ያልነቃ አለ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል «አድሃሪ» አለ። ዛሬ አድሃሪ ስትይ የድሮ ሬዲዮ ቃል ይመስልሻል። ያኔ ሰው የሚያስይዝ ቃል ነበር። ከዚያም የሚብስ ነገር አድርጓል።

ፊደል ያስቆጠርነውን አላቃልለውም። አንብቦ ስሙን የጻፈ ገበሬ ፊት አይቻለሁ። ያን ፊት ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል።

በ1968 ወደ ጅማ ተመለስኩ። አባቴ ሂርማታ ገበያ አጠገብ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ሚዛን ላይ የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ገበሬው ጆንያውን ያወርዳል፣ እሳቸው ይመዝናሉ፣ ቁጥሩን ይጠራሉ። ሌላ ሥራ ኖሯቸው አያውቅም። እኔ ዘመቻ እስክሄድ ድረስ አባቴን «እርስዎ» ነበር የምላቸው። አንድ ማታ እራት ላይ «አንተ» አልኳቸው። እናቴ እጇን ከመሶቡ አነሳች። «አንተ ገበሬውን ለሚዘርፍ ከበርቴ ሚዛን ትይዛለህ። አልነቃህም» አልኩ።

አባቴ ጉርሻቸውን አላምጠው ጨረሱ። ከዚያ በዝግታ «እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የምነቃው፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ መልሱ ያለመንቃታቸው ማስረጃ መሰለኝ። ለጓደኞቼም አወራሁት። ሳቁ። እንደ እኩዮችሽ።

አባቴ በ1979 አረፉ። ለቅሶ ላይ ከማና ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። «አባትህ ሳል ነበረባቸው፣ ታውቃለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስላቸው ሚዛኑ አጠገብ ሲያስሉ እሰማ ነበር። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳል አልነበረም። ባለቤቱ ሚዛኑን የነካካው ቀን አባትህ ያስላሉ። እኛ ሳሉን ስንሰማ ጆንያችንን ሳናወርድ በቅሏችንን ነድተን ወደ ሌላ ነጋዴ እንሄዳለን። ስንት ዓመት!»

ያኔ ነው አንድ ነገር ልብ ያልኩት። አባቴ ቤት ውስጥ ሲያስሉ ሰምቼ አላውቅም።

እንጀራቸውን በአፋቸው ይዘው፣ ማንም «ንቃ» ሳይላቸው፣ ከእኛ ከዘማቾቹ ሁሉ በፊት ነቅተው ነበር። እኔ ያንን ቃል ይዤ መጥቼ ራሳቸው ላይ ሰበርኩት። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀበርኳቸው። ቃልን በተመለከተ ሰው ሲጠይቀኝ በጥንቃቄ የምመልሰው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችሁ ልመለስ። የአጎትሽን ልጅ ክፉ ነው አልለውም። ስልኩ የሰጠውን ቃል ነው የተጠቀመው። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ቃል ስር የሚነሱ ክርክሮች አሉ፤ ታሪክ ለሕፃናት እንዴት ይሰጥ፣ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ምን ያሠልጥን የሚሉ። እዚያ በሁለቱም ወገን ቅን ሰው ይኖራል። አንቺ ያነሳሽው ግን ከእነዚያ አንዱንም አይደለም። አንቺ ያልሽው ጅማ ውስጥ ያለ አንድ መጋዘን መጸዳጃ የለውም ነው። አንቺ ላልሽው ማንም መልስ አልሰጠም። ወጡ ሳይቀመስ ድስቱ ተከደነ። ክዳኑ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉን ከወረወረብሽ አትቆጪ፣ ትርጉምም አትከራከሪ። «እሺ ወንድሜ፤ ግን ካልኩት የቱ ነው ውሸት?» በይው። ከዚያ ጠብቂ። ሰው በአንድ ቃል ሊያልፍ የፈለገውን ነገር ቁጭ ብሎ ሲያየው ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል። አሠሪ የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚደነግግም ንገሪው። የመቀመጫና የመጸዳጃ ነገር ከዚህ አይወጣም።

አሁን አክስትሽ። ለምን ወደ ጓዳ ገባች? አንቺ በሳቁ ተከፍታ ነው ብለሽ ሳታስቢ አልቀረሽም። ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። የእሷ ወገብ፣ የእሷ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ውጭ የምትሄድበት ነገር፣ ሁሉም በዘመድ ፊት፣ በበዓል ቀን፣ ቡና ላይ ተነገረ። ከመናገርሽ በፊት ጠይቀሻታል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ካልጠየቅሻት ብቻዋን ስትሆን ሂጂና ይቅርታ በያት። እኔ ያላደረግኩትን አድርጊ፤ አንቺ ጊዜ አለሽ።

ከይቅርታው በኋላ አጠገቧ ተቀመጪና ምን እንደምትፈልግ ጠይቂያት። ምናልባት ከመቀመጫው በፊት የኪሎው ሒሳብ እንዲስተካከል ትፈልግ ይሆናል። ምናልባት ስሟ እንዲነሳ አትፈልግም ይሆናል። ምናልባትም እሷና አብረዋት የሚለቅሙት ሴቶች አንቺ የማታውቂው፣ እንደ አባቴ ሳል ያለ መላ አላቸው። የእኛ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከገበያ ተገዝቶ መጋዘን ይገባ ዘንድ ማን ማንን መጠየቅ እንዳለበት ከአንቺም ከእኔም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንቺ መጻፍ ትችያለሽ፤ ማመልከቻ ካሉሽ ጻፊላቸው።

ለአባትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቃሉን ስላላወቀ አይፈር። ሲስቁ እሱ «ምኑ ያስቃል?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እኔ አጂፕ አካባቢ ሆኜ የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ዎክ የሚለው ቃል ሲመጣ «ንቁ» ልበለው? ጓደኞቼ «ነቄ» በለው ይሉኛል።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ማን ለማን እንደሚለው እይ። ጥቁር እናት ማታ ለሚወጣ ልጇ «ስቴይ ዎክ» ካለችው «ዓይንህን ግለጥ» ወይም «እንዳትዘናጋ» በል። «ንቁ» እዚያ ላይ የቀበሌ ስብሰባ ይመስላል። ወጣት ለወጣት ከሆነ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። «ነቄ በል» ማለት አትሞኝ ማለት ነው፤ የድሮው ዎክም ግማሹ ትርጉሙ እሱ ነው። ሰውዬው ለመስደብ ሲናገረው ግን «ነቄ» አይሆንህም፤ ነቄ እኛ ጋ ገና ምስጋና ነው። ያኔ «ነቃሁ ባይ» በለው።